ለአንድ ቀን ስኮትላንድ ምኑ ይታያል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረስዎ። በጅማ ከተማ በመምህርነት የምሠራ ስሆን፣ በመጪው ሰኔ አጋማሽ ላይ ለአምስት ቀን ሥልጠና ወደ ግላስጎው እሄዳለሁ። እዚያም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን የተማርን፣ አሁን በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምትሠራ አብሮ አደጌ ትኖራለች። ከተለያየን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል። ሥልጠናው ሲያልቅ አንዲት ቅዳሜ ነፃ ትሆንልኛለች፤ እርሷም ለዚያች ቀን ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳለች፤ መኪናም አላት። ያሰበችው በማለዳ ተነሥተን ሎክ ኔስ የተባለውን ሐይቅና ስካይ የምትባለውን ደሴት አይተን ማታውኑ እንድንመለስ ነው። ካርታውን ስመለከተው ሩቅ መሰለኝ፤ ይሁን እንጂ እንዳላስቀይማት ብዬ ዝም ብያለሁ። እርስዎ ምን ይላሉ? ወቅቱ የሰኔ ጾም ስለሆነ የምንበላውን ነገር፣ ስለ ልብስና ስለ ብርዱ፣ እንዲሁም ምን ይዤላት ብሄድ እንደሚሻል ቢገልጹልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ት. መ.፣ ከጅማ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፤ ስተርሊንግ በምትባለው የስኮትላንድ ከተማ አንድ ዓመት ተምሬ የተመለስኩ በመሆኔ፣ ጥያቄዎን ያነበብኩት እንደ አዘጋጅ ብቻ ሳይሆን እንደ ናፋቂም ጭምር ነው። የጓደኛዎ ሐሳብ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ነገር ግን ይህ ዕቅድ ቢቀር ይሻላል ብዬ በግልጽ እመክራለሁ። ከግላስጎው እስከ ስካይ ደሴት ዋና ከተማ እስከ ፖርትሪ ድረስ ያለው መንገድ 345 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጅማ አዲስ አበባ ካለው ርቀት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። መንገዱ በብዙ ስፍራ ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆነ፣ ለመሄድ ብቻ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከጅማ ማልዶ ተነሥቶ፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ መስቀል አደባባይን አየት አድርጎ፣ ያንኑ ዕለት ጅማ ለመግባት የሚጣደፍ ሰው ቢያጋጥመን ምን እንደምንለው ያውቃሉ። በዚያ ላይ አሥር ሰዓት ሙሉ መሪ የሚጨብጡት እጆች የጓደኛዎ ናቸው፤ ሳምንቱን ሁሉ አረጋውያንን ሲያነሡና ሲያስተኙ የሰነበቱ እጆች።

ሎክ ኔስም ቢሆን ስሙ ከመልኩ የገነነ ሐይቅ ነው። ርዝመቱ 37 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ220 ሜትር በላይ ነው፤ በእንግሊዝና በዌልስ ያሉት ሐይቆች ሁሉ ተደምረው የእርሱን ያህል ውሃ አይዙም። ይህ በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው። ሕዝቡን የሚጎትተው ግን እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ በጋዜጦች የተዛመተው የአውሬው ወሬ ሲሆን፣ ከመንገዱ ዳር ቆሞ የሚታየው ጥቁር ውሃና የቱሪስት አውቶቡስ ነው። ከውሃ ውስጥ ብቅ የሚል ራስ ማየት ለሚሻ ሰው የእኛው ቦዬ ከነጉማሬዎቹ ይበቃዋል፤ እነርሱ ቢያንስ በእርግጥ አሉ።

በዚህ ፈንታ የምመክርዎት ከግላስጎው በስተ ሰሜን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚጀምረውን፣ ትሮሳክስ የሚባለውን የሐይቆችና የኮረብቶች አገር ነው። ይህ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመው የስኮትላንድ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። የዚሁ ፓርክ ሌላው ክፍል ሎክ ሎሞንድ ሲሆን፣ በመላው ብሪታንያ ምድር በስፋቱ የሚወዳደረው ሐይቅ የለም፤ ውበቱም አይካድም። ሆኖም በሰኔ ወር ፀሐይ በወጣች ቅዳሜ ግማሹ ግላስጎው ወደዚያው ስለሚወርድ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ብቻ ቀኑ ሊያልቅ ይችላል። ትሮሳክስ ግን ከዚያ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው።

ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ላንሣ። ስኮትላንዶች ሐይቅን የሚጠሩበት ቃል መጨረሻው ከጉሮሮ የሚወጣ ነው፤ እንግሊዞች «ሎክ» ብለው ሲያደርቁት ቅር ይላቸዋል። የእኛ ፊደል ግን «ኽ»ን ይዟልና «ሎኽ» ብለን በትክክል ልንጽፈው እንችላለን፤ ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤት ያለው ሰው ደግሞ ድምፁንም ይማርበታል። እርስዎ እዚያ ደርሰው የትሮሳክስን ሐይቅ «ሎኽ ካትሪን» ብለው በትክክል ሲጠሩት የቲኬት ሻጩ ፊት ሲፈካ ያያሉ።

ከግላስጎው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ብትነሡ፣ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አበርፎይል የምትባለው ትንሽ ከተማ ትደርሳላችሁ። ከዚያ መንገዱ በጫካ መካከል እየተጠማዘዘ ይወጣና፣ አናቱ ላይ ሲደርስ ሐይቆቹና ኮረብቶቹ በአንድ ጊዜ ይገለጣሉ። እዚያ ላይ መኪናውን አቁሙ። የከፍታ ቦታ ነው ሲሏችሁ ግን እንዳትደነግጡ፤ የብሪታንያ ረጅሙ ተራራ ቤን ኔቪስ እንኳ 1,345 ሜትር ነው፤ ጅማ ከተማ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እርስዎ በየቀኑ ቾክ ይዘው የሚቆሙት ከብሪታንያ ተራሮች ሁሉ በላይ ነው። ይህንን ለክፍል ጓደኞቼ በነገርኳቸው ጊዜ ቀልድ መስሏቸው ነበር። ኮረብቶቹ ዝቅ ብለውም ቀዝቃዛና ራቁት የሆኑት አገሩ ከምድር ወገብ እጅግ ርቆ፣ በሰሜን 56ኛው ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ ሲሆን፣ ዛፉ ተቆርጦ በጎችና አጋዘኖች ለዘመናት ስለጋጡትም ጭምር ነው።

ከዚያ ወርዳችሁ የምትደርሱበት ሎኽ ካትሪን የቀኑ ዋና ክፍል ይሁን። 13 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ዙሪያውን በደንና በኮረብታ የተከበበ ሐይቅ ነው። ይህን ሐይቅ ከሌሎቹ አስበልጬ የመረጥኩት ለውበቱ ብቻ አይደለም፤ ጓደኛዎ በግላስጎው ቤቷ ቧንቧ ከፍታ የምትጠጣው፣ ቡናም የምታፈላበት ውሃ ከዚሁ ሐይቅ የሚወርድ ውሃ መሆኑ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ግላስጎው በፋብሪካ ሠራተኞች ተጨናንቃ፣ የተበከለ ውሃ በመጠጣት የኮሌራ ወረርሽኝ በየጊዜው እየተነሣ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎቿን ጨርሷል። የከተማው አስተዳደር በመጨረሻ የወሰደው መፍትሔ ለዘመኑ ድፍረት የተሞላበት ነበር፤ የሎኽ ካትሪንን ወለል በግድብ ከፍ አድርጎ፣ ተራራ እየበሱ ወንዝ እየተሻገሩ በሚያልፉ 42 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆኑ ዋሻዎች፣ ቦዮችና ቧንቧዎች ውሃውን ወደ ከተማዋ ደጅ አደረሰው። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1859 መርቃ የከፈተችው ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። አስደናቂው ነገር ውሃው ያለ ሞተር፣ በቁልቁለቱ ብቻ እየወረደ መድረሱ ነው፤ ቁልቁለቱም ዓይን የማይለየው እጅግ ትንሽ ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ኖረን ለምናውቅ ሰዎች ይህ ከማንኛውም ግንብ ይልቅ ቆም ብሎ የሚታይ ሥራ ይመስለኛል። ሌላው ጎብኚ ሐይቁን ፎቶ ሲያነሣ እርስዎ ግን ጎንበስ ብለው እጅዎን ይታጠቡበት።

በሐይቁ ላይ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረች፣ በስኮትላንዳዊው ደራሲ ስም «ሰር ዋልተር ስኮት» የተባለች የእንፋሎት መርከብ አለች። ዱምባርተን በተባለችው የመርከብ መሥሪያ ከተማ ከተሠራች በኋላ ፈታትተው፣ ክፍሎቿን በጀልባና በፈረስ ጋሪ ወደ ሐይቁ አጓጉዘው እንደገና ገጣጠሟት። መርከቧ ለጥገና የምትቆምበት ጊዜ ስላለ በዚያ ሰሞን መሥራቷን ጓደኛዎ አስቀድማ ታረጋግጥ፤ ባትኖርም ሌሎች ጀልባዎች አሉ። እኔ ግን ምርጫው የእኔ ቢሆን፣ ከመርከቧ ይልቅ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ የተዘረጋውን መንገድ እመርጣለሁ። ይህ መንገድ አስፋልት ቢሆንም ለጎብኚዎች መኪና ዝግ ነው፤ የተፈቀደው ለእግረኛና ለብስክሌት ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የሚገናኙ ሁለት ጓደኛሞች የሚያወሩት ብዙ ነው፤ በመኪና ውስጥ አንዷ መንገዱን ሌላዋ ስልኳን እያየች የሚወራው ወሬና፣ ጎን ለጎን እየተራመዱ የሚወራው አይመሳሰልም። አንድ ሰዓት ሂዱ፤ በዚያው ተመለሱ። በሐይቁ ራስጌ በኩል ግሌንጋይል በሚባለው ስፍራ ሮብ ሮይ ማግሬገር የተባለው ስመ ጥር ሽፍታ እ.ኤ.አ. በ1671 ተወልዷል። የከብት ነጋዴም የከብት ዘራፊም ነበረ፤ የባለከብቶቹንም መንጋ እንዳይዘረፍ በክፍያ ይጠብቅ ነበር። በእኛ አገር ወግ ውስጥ ቢገባ አንድም አንባቢ እንግዳ ነው የሚለው አይመስለኝም።

ስትሄዱ አንድ ነገር ያስገርምዎታል፤ ሰው የለም። ከጅማ ወጥቶ በየትኛውም አቅጣጫ የሚሄድ መንገደኛ አንዲት ደቂቃ እንኳ ያለ ሰው አያልፍም፤ ውሃ የምትቀዳ፣ ከብት የሚነዳ፣ ገበያ የሚሄድ አይጠፋም። እዚያ ግን ለምለም ሸለቆ በሙሉ የበግ ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ዕለት «ይህን የመሰለ ግጦሽ ይዘው እንዴት ሳይሰፍሩበት ቀሩ» ብዬ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ግን በሰሜኑ የስኮትላንድ ደጋ የነበሩ ገበሬዎች ከ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ለመቶ ዓመት ያህል ባለርስቶቹ መሬቱን ለበግ እርባታ ስለፈለጉት ከቀያቸው ተነቅለው ብዙዎቹ ወደ ከተማ ወይም ወደ ካናዳና ወደ ሌሎች አገሮች ተሰደዋል። በየሸለቆው የድንጋይ ግድግዳ ፍራሽ ካያችሁ ምናልባት የአንዱ ቤተሰብ ምድጃ የነበረበት ይሆናል። ጸጥታው የተፈጥሮ ብቻ አለመሆኑን ማወቅ የሚታየውን ነገር ይለውጠዋል።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከአበርፎይል ብዙም ወደማይርቀው ወደ ሜንቲዝ ሐይቅ ሂዱ። ይህ ሐይቅ በአገሩ «ሎኽ» ሳይሆን በእንግሊዝኛው «ሌክ» ተብሎ በመጠራቱ የሚታወቅ ነው። በመካከሉ ኢንችማሆም የምትባል ደሴት አለች፤ በላይዋም እ.ኤ.አ. በ1238 ገደማ የተመሠረተ የኦገስቲን ሥርዓት ገዳም ፍራሽ ይገኛል። ወደ ደሴቲቱ የሚወስደው ትንሽ ጀልባ ነው። ጣናን ወይም ዝዋይን ለምናውቅ ሰዎች በሐይቅ መካከል የተሸሸገ ገዳም ማየት የተለየ ስሜት አለው። ትውፊታችን በዮዲት ጉዲት ዘመን ንዋያተ ቅድሳቱ ከአክሱም ወጥተው በዝዋይ ደሴት እንደተሸሸጉ ይናገራል፤ በኢንችማሆም የተሸሸገችው ደግሞ ሕፃን ንግሥት ናት። እ.ኤ.አ. በ1547 እንግሊዞች የስኮትላንድን ጦር በፒንኪ ውጊያ ድል ባደረጉ ጊዜ፣ ገና የአራት ዓመት ልጅ የነበረችው ንግሥት ሜሪ ለጥቂት ሳምንታት ወደዚህች ደሴት ተወስዳ ተደበቀች፤ በማግስቱም ዓመት ወደ ፈረንሳይ ተላከች። ዛሬ ጣሪያ የሌለው ቤተ ክርስቲያን፣ የተጠረበ የመቃብር ድንጋይና ሽማግሌ ዛፎች ብቻ ቀርተዋል። ቅዳሴው ከተቋረጠ ዘመናት ያለፉበት ገዳም በመሆኑ፣ ከጣና ገዳማት ጋር ሲያስተያዩት የሚሰማዎትን እኔ አልነግርዎትም። ጀልባው የሚሠራው ከጸደይ እስከ መኸር መግቢያ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ከሰዓት በኋላም ቀደም ብሎ ያቆማል፤ ለጥገና የሚዘጋበት ጊዜም ስላለ በዋዜማው መጠየቅ ያስፈልጋል። ዝግ ከሆነ በአቅራቢያው ያለው የዱን ግንብ ወይም የስተርሊንግ ቤተ መንግሥት ምትክ ይሆናል። ስተርሊንግ በገደል አናት ላይ የተቀመጠ በመሆኑ ከጅሬን ኮረብታ ላይ ሆኖ ጅማን ቁልቁል ማየትን ያስታውሳል፤ ነገር ግን በሚገባ ልየው ካሉት ግማሽ ቀን ይወስዳል።

አሁን ስለ ጊዜ አንድ ማስጠንቀቂያ። በሰኔ ወር በዚያ አገር ፀሐይ የምትወጣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ የምትጠልቀው ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ሊተካከል ጥቂት በሚቀረው በጅማ ያደገ ሰው ሰዓቱን በፀሐይ የመገመት ልማድ አለው፤ ይህ ልማድ እዚያ ጉድ ያደርጋል። እኔና አንድ ጓደኛዬ ከስተርሊንግ በስተ ምዕራብ ባለች የገጠር መንደር በአውቶቡስ ሄደን፣ ስልኮቻችንን ቦርሳ ውስጥ ከትተን ወንዝ ዳር ተቀመጥን። ፀሐይዋን አየሁና «10 ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው» አልኩ። እርሱም አየና ተስማማ። በእርግጥ ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት አልፎ ነበር፤ የመጨረሻው አውቶቡስም ሄዷል። ለታክሲ የከፈልነው ገንዘብ የአንድ ሳምንት አስቤዛችን ነበር፤ ሾፌሩም መንገዱን ሙሉ እየሳቀ ወሰደን። እናንተ መኪና አላችሁና ይህ አይደርስባችሁም፤ ይሁን እንጂ ምግብ ቤቶቹም ፀሐይ ሳትጠልቅ እንደሚዘጉ አትርሱ።

ብርዱን በተመለከተ፣ በሰኔ የቀን ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ17 እስከ 19 ዲግሪ ድረስ ስለሆነ ጋቢ የሚያስፈልግ አይደለም። የሚያስቸግረው ዝናቡ ነው። የጅማ ዝናብ ዶፍ ሆኖ ወርዶ ያባራል፤ የስኮትላንድ ካፊያ ግን ያለ ድምፅ ቀኑን ሙሉ ሊወርድ ይችላል። ጃንጥላ በነፋሱ ይገለበጣልና ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት፣ ከሥሩም ሹራብ፣ እንዲሁም ውሃ የማያስገባ ጫማ ይያዙ። ነፋስ በሌለበት ቀን በሐይቁ ዳር እንደ አቧራ የደቀቁ ትንኞች መንጋ ሆነው ይነክሳሉ፤ የእኛ አገር ሰው ወባ ነው ብሎ ይደነግጣል፤ የሚያሳክኩ ናቸው እንጂ በሽታ አያስተላልፉም፤ ነፋስ ሲነሣም ይጠፋሉ። ይልቅስ በረጅም ሣር ውስጥ የሚገኘው መዥገር በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ረጅም ሱሪ ለብሰው ካልሲውን በላዩ ያድርጉ፤ ማታም ገላዎን ይመልከቱ።

በሰው መሬት ላይ ማለፍ ይፈቀዳል ወይ ብለው እንዳይጨነቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የመሬት ሕግ ማንኛውም ሰው በኃላፊነት እስከተንቀሳቀሰ ድረስ በግል መሬት ላይ ጭምር በእግሩ እንዲያልፍ መብት ሰጥቶታል። መብቱ የሰው ቤትንና አጥር ግቢን፣ የተዘራበትንም ማሳ አያካትትም። የከብት በር ሲያጋጥማችሁ ዝግ ካገኛችሁት ዝጉት፤ ክፍት ካገኛችሁት እንደተከፈተ ተዉት። መኪኖቹ በግራ በኩል ስለሚነዱ መንገድ ሲያቋርጡ መጀመሪያ ወደ ቀኝ መመልከትን ይልመዱ፤ እኔ ይህን ለመልመድ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል።

ስለ ጾሙ፣ በየምግብ ቤቱ የምግብ ዝርዝር ላይ «ቪጋን» የሚል ምልክት ያለው ምግብ ሥጋም፣ ወተትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም የለበትም፤ ይህ የእኛን የጾም ምግብ ያህል ነው። «ቬጀቴሪያን» የሚለው ግን ቅቤና አይብ ሊኖርበት ስለሚችል እንዳያሳስትዎት። በስኮትላንድ ሁሉም ቤት የሚገኝ የምስር ሾርባ አለ፤ ቀለሙም ሽታውም ቤትዎን ያስታውስዎታል፤ ነገር ግን በልማዱ የሚሠራው በአሳማ አጥንት መረቅ ስለሆነ ሳይጠይቁ አይቅመሱት። ድንች ጥብሱንም በከብት ሞራ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ። ሃጊስ ስለተባለው የአገሩ ምግብ ብዙ ይሰማሉ፤ የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተከትፎ ከአጃ፣ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር በጨጓራ ውስጥ የሚቀቀል ነው። ዱለት የሚበላ ሕዝብ ሌሎች እንግዶች እንደሚያደርጉት ሊጸየፈው አይገባም፤ ዱለታችን ጨጓራ ውስጥ ገብቶ አጃ የጎረሰ ያህል ነው። በጾም ወቅት በጥራጥሬና በአትክልት የሚሠራው አለ። ጠዋት ላይ የአጃ ገንፎ በውሃና በጨው ተሠርቶ ማግኘት ቀላል ነው፤ ቅቤና በርበሬ መሐል ላይ አለመኖሩን ግን በጾም ቀን መቀበል ይቀላል።

ይዘውላት የሚሄዱትን በተመለከተ፣ ጅማ ተቀምጦ ይህን መጠየቅ ያስቃል። ቡና ነው እንጂ ሌላ ምን አለ! የተቆላ ቡና ይዞ መግባት ችግር የለውም። ሥጋ፣ ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ ግን ከእኛ አገር ወደ ብሪታንያ ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ፣ እናትዋ ያነጠሩትን ቅቤ አድርሺልኝ ቢሉዎት በትሕትና እምቢ ይበሉ፤ በአውሮፕላን ማረፊያው ተወስዶ ይጣላል። ቡናውን ቅዳሜ ጠዋት ጓደኛዎ ቤት አፍልታችሁ በፔርሙስ ይዛችሁት ሂዱ፤ በሐይቁ ዳር ከሰል አያይዞ ጀበና መጣድ በፓርኩ ደንብ ችግር ሊያስከትል ይችላል። ስኒዎቹንም አትርሱ።

የመጨረሻው ነገር ገንዘብ ነው። ጓደኛዎ እንግዳዬ ነሽ ብላ ሁሉንም ልትከፍል ትሞክራለች፤ እርስዎም «በእኔ ሞት» ይላሉ፤ ገንዘብ ተቀባዩም ጠብ መስሎት ይደነግጣል። የመኪና ማቆሚያው፣ ጀልባው፣ ምሳውና ነዳጁ ተደምሮ እዚያ በሰዓት ክፍያ ለሚሠራ ሰው ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ ምሳውንና ጀልባውን እርስዎ እንደሚከፍሉ ከግላስጎው ሳትነሡ ተስማሙ። በመልስ ገንዘብ የሚሰጥዎት የወረቀት ፓውንድ በሦስት የስኮትላንድ ባንኮች የሚታተም በመሆኑ መልኩ ከሚያውቁት ሊለይ ይችላል። ትክክለኛ ገንዘብ ነው፤ ይሁን እንጂ ከስኮትላንድ ውጪ የሚጠራጠሩት ስላሉ ትራፊውን እዚያው ጨርሱት ወይም አስለውጡት።

ለጓደኛዎ ደግሞ ዝም አይበሉ። «ሩቅ ነው» ከማለት ይልቅ «ሎኽ ካትሪንን አሳዪኝ፤ የምትጠጪውን ውሃ ማየት እፈልጋለሁ» ይበሏት። ዘጠኝ ዓመት ግላስጎው ኖራ እርሷም አይታው ላታውቅ ትችላለች።

ጥያቄ፦ በመስከረም ወር ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ኤደንብራ እሄዳለሁ፤ ከእኔ ጋር የሚማር የሰፈሬ ልጅም አለ። መኪና የለንም፤ ትምህርቱም እስከ ታኅሣሥ ፋታ አይሰጥም። በታኅሣሥ በአንድ ቀን የሚታይ የገጠር ቦታ አለ? ሙስሊሞች ስለሆንን ስለ ምግብና ስለ ሰላት ቢያክሉልን።

አንባቢዎ፣ ከጅማ

መልስ፦ አለ፤ ነገር ግን ማልዳችሁ ተነሡ። በታኅሣሥ በኤደንብራ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ40 ገደማ ሲሆን፣ የምትጠልቀው ከቀኑ 9 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። ከላይ ለእኅታችን የነገርኳት ረጅም ቀን እዚህ ተገልብጦ ይጠብቃችኋል።

ከኤደንብራ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዛችሁ ኖርዝ ቤሪክ የምትባለውን የባሕር ዳር ከተማ እዩ። ከጀርባዋ ያለው ሾጣጣ ኮረብታ 187 ሜትር ብቻ ስለሆነ ለጅማ ልጆች ቀልድ ነው፤ ከላዩ የዓሣ ነባሪ መንጋጋ አምሳያ ቆሟል፤ ከዚያም ባስ ሮክ የሚባለው ከባሕር የወጣ አለት ይታያል። በአገሩ የበጋ ወራት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነጫጭ የባሕር ወፎች ስለሚሰፍሩበት አለቱ ራሱ በረዶ የለበሰ ይመስላል፤ በታኅሣሥ ግን ወፎቹ ወደ ደቡብ ስለሚሄዱ ጥቁር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ወፎቹን የፈለጋችሁ እንደሆነ በሚያዝያ ተመለሱ። ባቡር መያዝ ካልፈለጋችሁ በከተማ አውቶቡስ የሚደረስባቸው የፔንትላንድ ኮረብቶች አሉ፤ በዚያ ወር ጭቃው ብዙ ስለሆነ ግን እኔ ባሕሩን አስቀድማለሁ።

ሐላል ሥጋ በኤደንብራ ይገኛል፤ በትናንሽ የገጠር ከተሞች ግን አትመኩበት። ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ፤ ወይም ዓሣ ብሉ፤ ዓሣውን ከመብላታችሁ በፊት ግን በአትክልት ዘይት መጠበሱን ጠይቁ። ሰላትን በተመለከተ በዚያ ወር ከዙህር እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ አራት ሰዓት አይሞላም፤ አስርም በመካከሉ ይገባል። ስለዚህ ዙህርን ኮረብታው ላይ፣ አስርን የባሕር ዳሩ ላይ መስገድ ሊኖርባችሁ ይችላል፤ የሚከለክላችሁ የለም፤ አንጥፉና ስገዱ። ጅማ ላይ ወደ ሰሜን የለመዳችሁት ቂብላ እዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ የከተማዋ ባሕር በሰሜን በኩል ስለሆነ ጀርባችሁን ለባሕሩ ሰጥታችሁ ወደ ግራ ዘንበል ብትሉ ታገኙታላችሁ። የመመለሻውን ባቡር ሰዓት በስልካችሁ ስትመለከቱ በአገሩ አቆጣጠር 4 ሰዓት ያለው የእኛ 10 ሰዓት መሆኑን፣ በዚያን ጊዜም መጨለም እንደሚጀምር ልብ በሉ።